የአንኮበር ቅርንጫፍ፦ ሰሌዳ ሳይሰቅሉ የነገዱ ቤቶች

በእንግሊዝ አገር የተዘጋ የመደብር ኩባንያን የቅርንጫፎች ታሪክ ለማጠናቀር የተነሣ ሰው ልፋቱ ቢበዛም ከየት እንደሚጀምር አይቸገርም። ሥሩ እስከ 1770 ዓ.ም. የሚመዘዘው ደበናምስ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የመጨረሻ ሱቆቹን ሲዘጋ፣ የትኛው ቅርንጫፍ በየትኛው ጎዳና፣ ከማን እጅ ተገዝቶ፣ መቼ እንደተከፈተ የሚናገር ወረቀት በየከተማው ቀርቶለታል። እየታደሱ የታተሙ የነጋዴ አድራሻ መጻሕፍት አሉ፤ ለእሳት መድን ሰጪዎች ተብለው ሕንፃ በሕንፃ የተሳሉ የከተማ ካርታዎች አሉ፤ የጋዜጣ ማስታወቂያና ፎቶግራፍም አለ። ይህን ዘዴ እንዳለ ይዞ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚመጣ ተመራማሪ ግን የሚጨብጠው አያገኝም። ከዚያም ተነሥቶ በዚያ አገር የውጭ ንግድ ቤት ቅርንጫፍ እንዳልነበረ፣ ታሪኩ የሚጀምረው አዲስ አበባ አራዳ ላይ ከቆመው የድንጋይ ሕንፃ እንደሆነ መደምደም ይቀናዋል። ይህ ድምዳሜ ስሕተት ነው። ሩቅ ያለ ባለገንዘብ ዕቃውን አምኖ የሚልክለት፣ በዱቤ የሚሸጥ፣ ዕዳ የሚሰበስብና ለላኪው የሚጽፍ ወኪል የተቀመጠበት ቦታ ቅርንጫፍ ከተባለ፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት አንኮበርና ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ ቅርንጫፍ ነበሩ። ማስረጃውም ያለው በዕዳ፣ በውልና በክርክር ወረቀት ውስጥ ነው።

ነገሩን ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እንጀምር። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት እኒህ ንጉሥ መቀመጫቸውን ተራራው ላይ፣ አንኮበር አድርገው፣ ገበያውን ወደ ቆላው በሚወርደው ቁልቁለት፣ አልዩ አምባ ላይ አቆይተውት ነበር። አልዩ አምባ በየዓርቡ ይቆም በነበረው ገበያዋ የታወቀች፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነ የነጋዴ መንደር ነበረች። ከታጁራ በአፋር ምድር አቋርጦ የሚመጣው የግመል ጓዝ፣ ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ፣ ከደጋ የሚወርደው እህልና ፈረስ እዚያ ይገናኙ ነበር። ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መዳብና ቅመም ይገባል፤ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወጣል። አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ከዚያ ብዙም በማይርቀው በአብዱል ረሱል ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር፤ የዚህን አካባቢ የንግድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን መዝለል የለበትም፣ የወደቡ መንገድ ትርፍ ከፊሉ ከዚያ የተገኘ ነውና። ቆላውን በር የሚጠብቁት የይፋት ገዥ ወላስማ ሙሐመድ ነበሩ። ገቢ ወጪው ያለ እሳቸው ዕውቅና አያልፍም።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር ግን የሐረር አሚር በአልዩ አምባ ወኪል ማስቀመጣቸው ነው። በዚያን ጊዜ ሐረር የራሷ አሚር፣ የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ቀረጥ ያላት አገር ነበረች። የአሚሩ ወኪል ሥራ የሐረርን ነጋዴ ጉዳይ ማስፈጸም፣ በሸዋ ሹማምንት ፊት ስለ እሱ መቆም ነበር። በሰሜን ሸዋ ስለ ንግድ ቅርንጫፍ ከተነገረ እንግዲህ ቀደምትነቱ የሐረር ነው፤ አውሮፓውያኑ በኋላ መጥተው የተቀመጡት በተዘጋጀ ቦታ ላይ ነው። ይህን የሚቃወም ሰው የአፋርና የሐረር ነጋዴ ጎረቤት ነው፣ በሐበሻ ገበያ መካከል ሲመላለስ የኖረን ሰው የውጭ ንግድ ቤት ወኪል ማለት ነገሩን ማጋነን ነው ሊል ይችላል። ጎረቤትነቱ እውነት ነው። ግን መስፈርቱ የቆዳ ቀለም ወይም የባሕር ማዶ ሰውነት ከሆነ ክርክሩ ስለ ንግድ መሆኑ ይቀራል። ወኪሉ የሌላ ገዥ ሰው ነበር፤ ዕቃው በሌላ አገር ገንዘብ የተገዛ ነበር፤ ክርክር ሲነሣም በሁለት መንግሥታት መካከል የሚታይ ነበር። ከዚህ በላይ ቅርንጫፍን ቅርንጫፍ የሚያሰኝ ነገር የለም።

በ1833 ዓ.ም. ክረምት ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተባለው የቦምቤይ መንግሥት መልእክተኛ በታጁራ በኩል አንኮበር ደረሰ። ይዞት የመጣው ገጸ በረከት ሦስት መቶ ጠመንጃ፣ መድፍ፣ ሻልና ሰዓት የመሳሰለው ሁሉ ሲታይ ከአንድ ትልቅ መጋዘን የተውጣጣ የናሙና ዕቃ ይመስላል፤ ዓላማውም በከፊል ይኸው ነበር። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለው በሁለተኛው የንጉሡ መቀመጫ በአንጎለላ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም አልዩ አምባ ተቀምጦ የገበያውን ውሎ ይመዘግብ ነበር። ሃሪስ በ1835 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ለአገሩ ተመሳሳይ ውል አስፈረመ። የእንግሊዙ ውል የንግድ ቤት አላስከፈተም። ስለዚህ ብዙዎች ከንቱ ወረቀት አድርገው ያልፉታል። ውሉ ለንግድ ታሪክ ያለው ዋጋ ግን ከውጤቱ ይልቅ ከሚገልጸው ሁኔታ ላይ ነው። ስለ ነጋዴ መግቢያና መውጫ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ንብረት ደኅንነት መነጋገር ያስፈለገው በአገሩ ላይ የሚነግድ ሰው ስላለና የበለጠም ይመጣል ተብሎ ስለተጠበቀ ነው። የአማርኛው ቅጂ መኖር ደግሞ ንጉሡ ነገሩን በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ጸሐፊ እጅ ማሰር እንደፈለጉ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሠላሳ ዓመት በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ ወጣቱ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ተመለሱ፤ የባሕሩ መንገድ አንዴ እየተከፈተ አንዴ እየተዘጋ ቆየ። ታሪኩ እንደገና የሚወፍረው በ1860ዎቹ መጨረሻ ነው። ፈረንሳዊው ነጋዴ ፒየር አርኑ ከምኒልክ ጋር የንግድ ዕቅድ ይዞ መጣ፤ በ1869 ዓ.ም. የኢጣሊያ መልክዐ ምድር ማኅበር ልኡካን በማርኪዝ አንቲኖሪ መሪነት ደርሰው አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ቦታ ተሰጣቸው፤ በ1871 ዓ.ም. ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ገባ። ልጥ ማረፊያ በስሙ የሳይንስ ጣቢያ ነበር። ነገር ግን ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ከዚያ እየተነሣ ከምኒልክ ጋር ጠመንጃ ሲደራደር፣ በግንቦት 1875 ዓ.ም. ደግሞ አንኮበር ላይ የኢጣሊያንና የሸዋን የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲፈርም እናገኘዋለን። ያ የሣር ክዳን ጣቢያ ወፍና ቅጠል ከሰበሰበው ባልተናነሰ የንግድ ወሬና የዋጋ ዝርዝር ወደ ሮም ልኳል። የአንኮበርን የንግድ ቤቶች የሚፈልግ ሰው በሳይንስ ማኅበር መዝገብ ውስጥም መግባት አለበት ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የቅርንጫፉን አሠራር ከውስጥ የሚያሳየን የፒየር ላባቱ ጉዳይ ነው። ላባቱ ለብዙ ዓመታት በሸዋ የኖረ፣ የአገሬውን ሴት ያገባ፣ ቤትና ንብረት ያፈራ፣ ለምኒልክ መሣሪያ የሚያስመጣ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበር። በ1878 ዓ.ም. መጀመሪያ ጠመንጃ ወደ ሸዋ ለማድረስ ከአርተር ራምቦ ጋር ውል ገባ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ያኔ ቅኔውን ከተወ የቆየ፣ ከ1872 ዓ.ም. ጀምሮ ለኤደኑ የባርዴ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ሲገዛ፣ በሐረሩ ቅርንጫፍም ሲሠራ የቆየ ሰው ነበር። ጓዙ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ያህል ተይዞ ቆየ፤ በዚህ መካከል ላባቱ ሞተ፤ አብሯቸው ሊሄድ የነበረው ፖል ሶሌዬም ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት አስጭኖ ብቻውን የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጥር 1879 ዓ.ም. መጨረሻ አንኮበር ገባ። ንጉሡ ግን በዚያው ሰሞን ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ እየተመለሱ ነበርና ሻጩ ገዢውን ፍለጋ ሌላ መንገድ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ራምቦ ራሱ በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ኤደን ለነበሩት የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ለደ ጋስፓሪ በጻፈው ረጅም ደብዳቤ አስቀምጦታል። የላባቱ መሞት እንደተሰማ ገንዘብ አለን የሚሉ ሁሉ ተነሡ፤ ከአውሮፓዊው ባልንጀራ ጀምሮ እስከ ባላገሩ ድረስ ተሰለፉ። ንጉሡ ራሳቸው ከሟቹ የሚፈለግ ገንዘብ አለ ብለው ከጠመንጃው ዋጋ አስቀሩ። መበለቲቱ ከሰሰች። ጉዳዩ አዛዥ ለሚባለው ሹም ቀረበ፤ ራምቦ የሟቹን ንብረት እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ ቤቱ ሲደርስ ግን ሴትዮዋ ዋጋ ያለውን ሁሉ አሽሽታ ያገኘው አሮጌ ልብስ፣ የጥይት ማቅለጫ ቅርጽና እዚያው የተዋቸው ባሪያዎች ነበሩ። እዚያው ቤት ግን ሌላም ነገር ነበረ፤ ላባቱ በእጁ የጻፋቸው ሠላሳ አራት ደብተሮች። ራምቦ መበለቲቱ እየረገመችው ደብተሮቹን እሳት ውስጥ ጨመራቸው። በኋላ እንደተነገረው በገጾቹ መካከል የንብረት ሰነዶች ነበሩባቸው። ስለ ሰሜን ሸዋ የውጭ ንግድ ልናውቅ እንችል ከነበረው ውስጥ ምናልባት ትልቁ ክፍል ያን ቀን አመድ ሆኗል፤ ይህን ጥፋት ያደረሰው ሰው በዓለም ሥነ ጽሑፍ የከበረ ስም ያለው መሆኑ ነገሩን አያቀልለውም። እነዚያ ደብተሮች ቢተርፉ ዛሬ ከየትኛውም የተጓዥ መጽሐፍ ይልቅ የምንጠቀምባቸው ነበሩ፤ የሃያ ቀን እንግዳ ያየውን ሳይሆን አገር ውስጥ የኖረ፣ የተበደረና ያበደረ ሰው የጻፋቸው ነበሩና።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ላባቱም ሆነ ራምቦ ለራሳቸው የሚነግዱ፣ ዕድላቸውን የሚሞክሩ ሰዎች እንጂ የማንም ኩባንያ ቅርንጫፍ አልነበሩም፤ ገዢያቸውም አንድ ንጉሥ ብቻ ነበር፤ መደብር ማለት ሕዝብ ገብቶ የሚገዛበት ነው የሚል። የመጨረሻውን ነጥብ እቀበላለሁ። አንኮበር ላይ ማንም ባላገር ገብቶ ሻሽ የሚመርጥበት የፈረንሳይ ሱቅ ነበር አልልም። የመጀመሪያው ግን አያሳምንም። ሐረር ላይ የባርዴ ቤት ሠራተኛ ሳለ ራምቦ የሠራው ሥራና ሸዋ ላይ የሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፦ ከኤደን ዕቃ መቀበል፣ በአገሩ ዋጋ መለወጥ፣ ሒሳቡን ለባለገንዘቡ መመለስ። ላባቱ ደግሞ በበረሃው መንገድ ለሚመጣው ሁሉ በሸዋ በኩል ያለ እጅ ነበር፤ ንጉሡን ያውቃል፣ ሹሙን ያውቃል፣ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደማይከፍል ያውቃል። ሞቶ እንኳ ባለዕዳና ባለገንዘብ ቤቱን የከበበው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ሲሞት ከንጉሥ እስከ ባላገር ገንዘቤን የሚለው ያ ሰው የብዙዎች ሒሳብ መገናኛ ከሆነ ብቻ ነው። የዕዳው ብዛት የንግዱን ስፋት ይመሰክራል፤ መዝገቡ ቢቃጠልም ክሱ ቀርቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የምንጮቹ ነው። ራምቦ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ተበዳይ ሆኖ ለመታየት የሚሟገት ሰው ነው፤ መበለቲቱን በንቀት ይገልጻታል፤ የእሷን ቃል ግን አንድም ቦታ አናገኝም። ይህ እውነት ነው፣ ደብዳቤውንም እንዳለ የሚገለብጥ ጸሐፊ ይሳሳታል። ሆኖም ሰውዬው ሳይፈልግ የመሰከረው ነገር አለ። ሴትዮዋ ክስ መሥርታ በሹም ፊት ተሟግታለች፤ ንብረቱን በጊዜ አሽሽታለች፤ የደብተሩን ዋጋም ከፈረንሳዊው በፊት ያወቀችው እሷ ናት። የቅርንጫፉ ሥራ በባልዬው ብቻ ይካሄድ እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ይመጣል? የኤደን ባለገንዘብ ስሟን ባይመዘግበውም፣ ወረቀቱንም ዕቃውንም የምታውቅ የአገሬው ሴት ነበረችበት።

ከጠመንጃው ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ እንዴት እንደተከፈለም ልብ ሊባል ይገባል። ምኒልክ በዋጋው ላይ ጠንክረው ተከራክረው ካወረዱት በኋላ እጅ በእጅ አልከፈሉም፤ ሐረር ላይ ለሾሟቸው ለመኮንን የክፍያ ትእዛዝ ጻፉ። ራምቦም የአንኮበርን መንገድ ትቶ በሐረር በኩል ወረደ። ብዙ ጊዜ የአንኮበር መዳከም የሚነገረው ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ኋላም በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ በመዛወሩ ብቻ እንደመጣ ነው። ቤተ መንግሥት ሲሄድ ገበያ እንደሚከተል አይካድም። ነገር ግን ድሬ ዳዋ የንጉሥ መቀመጫ ሳትሆን የንግድ ከተማ ሆናለች፤ ያደረጋትም መንገዱ ነው። የታጁራና የአፋር መንገድ ዋና በር ሆኖ ቢቀጥል ኖሮ አልዩ አምባ ያለ ንጉሥም ኬላና ገበያ ሆና በኖረች ነበር። ሐረር ከተያዘች በኋላ ግን ቡናውም፣ ቀረጡም፣ የወደቡም ሰው በሐረር በኩል ሆነ። በ1886 ዓ.ም. ኢልግና ሌዎን ሼፍኔ የባቡር ፈቃድ ሲያገኙ ሐዲዱ የተነደፈው በዚያው አቅጣጫ ነበር፤ በ1895 ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ሁለቱ ሰዎች ሸዋን ያወቁት ግን በአንኮበር ዘመን ነው፤ የሐዲዱ ሐሳብ የተጠነሰሰው ከአንኮበር ንግድ ልምድ ሲሆን ያስቀረውም አንኮበርን ነው።

ከዚህ ወዲያ ያሉት ድርጅቶች ሰሌዳ ሰቅለዋል፣ ማኅተም አስቀርጸዋል። በየካቲት 1898 ዓ.ም. የተከፈተውና በግብፅ ብሔራዊ ባንክ በኩል በእንግሊዞች የሚመራው የአቢሲኒያ ባንክ ሐረር፣ ድሬ ዳዋ፣ ጎሬና ደሴ ቅርንጫፍ አቆመ፤ ጋምቤላ ወኪል አስቀመጠ። የቅርንጫፎቹ ቦታ ሲታይ የቡናው፣ የባቡሩና የባሮ ወንዝ መንገድ ተለይቶ ይታያል። የእንግሊዝ ዜጋ ሆነው የሚሠሩት የሕንድ ነጋዴዎች የመሐመድ አሊ ንግድ ቤትም ከሐረር ተነሥቶ በድሬ ዳዋና በአዲስ አበባ ጨርቅና ሸቀጥ በጅምላም በችርቻሮም የሚሸጥ፣ በአገሪቱ ካሉት ትልልቆች አንዱ ሆነ። ከመደብር ሰንሰለት ጋር ከሁሉም የሚቀራረበው ይህ ቤት ነው። አንቶኒን ቤስ ደግሞ በ1891 ዓ.ም. ኤደን የገባው ለዚያው ለባርዴ ተቀጥሮ ነው፤ ራምቦ በሠራበት ቤት ሠርቶ የራሱን አቋቁሞ ቆዳና ቡና ከኢትዮጵያ የሚልክ፣ ሸቀጥ የሚያስገባ ትልቅ ኩባንያ ባለቤት ሆነ፤ በመጨረሻም ለኦክስፎርድ በሰጠው ገንዘብ ቅዱስ አንቶኒ ኮሌጅ ተመሠረተ። ይህ የሰው ሰንሰለት ለክርክሩ ከባድ ሚዛን አለው። ከባርዴ ወደ ራምቦ፣ ከባርዴ ወደ ቤስ የሚሄደው መሥመር አንድ ነው፤ የሸዋው የጠመንጃ ጓዝና የ1920ዎቹ የአዲስ አበባ መጋዘን የተለያየ ዘመን ታሪኮች ቢመስሉም የአንድ የኤደን ንግድ ሥርዓት ሁለት ወቅቶች ናቸው።

የእነዚህ ሰሌዳ የሰቀሉ ድርጅቶች ወረቀትም ቢሆን ከላባቱ ደብተር የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ፣ ኢጣሊያኖች እስኪገቡ በነበሩት ጥቂት ቀናት የንግድ ሰፈሩ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የፋሽስቱ አስተዳደር የመሐመድ አሊን ንግድ ቤት ከአገር አስወጣ፤ ጉዳዩ የእንግሊዝ ዜጎች ጉዳይ ስለሆነ በለንደን ፓርላማ ጥያቄ ተነሣበት። በዚህም ምክንያት ስለዚያ ንግድ ቤት ዛሬ የምናገኘው ወረቀት በብዛት የቅሬታና የዲፕሎማሲ ወረቀት ነው። ላባቱ ላይ የደረሰው ነገር በትልቁ ተደገመ ማለት ነው፤ ሒሳቡ ጠፋ፣ ክርክሩ ቀረ። የኢትዮጵያን የንግድ ቤቶች ቅርንጫፍ ታሪክ የሚያጠና ሰው የእንግሊዙን ዘዴ ሲዋስ ይህን ልዩነት ማስላት አለበት። እዚያ አድራሻ መጽሐፍ የሚሰጠውን እዚህ የሚሰጠው የተበዳይ አቤቱታ ነው፤ አቤቱታም ያለ ሌላ ምስክር ብቻውን አይታመንም፤ ስለዚህ ከቀረጥ፣ ከውልና ከአገር ሽማግሌ ትውስታ ጋር መመዘን ይኖርበታል።

ሰሜን ሸዋ ወደ ትልቁ የንግድ መንገድ የተመለሰው በዚያው በወረራው ዘመን ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና አሥመራ የሚሄደው መኪና መንገድ በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በርን በዋሻ በስቶ ወረደ። ይህ መንገድ የድሮውን በር አልከፈተም፤ አንኮበር ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተገንጥላ ቀረች፣ ደብረ ብርሃን አደገች። በ1950ዎቹ የደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋም አካባቢው ዕቃ ከባሕር ተቀብሎ ወደ ደጋ የሚያከፋፍል መሆኑ ቀርቶ የደጋውን በግ ጠጉር ይዞ ራሱ አምርቶ የሚልክ ሆነ። የዚህ ምዕራፍ ታሪክ በመንግሥት መዝገብ፣ በሠራተኛ ደመወዝ ወረቀትና በደረሰኝ ስለሚገኝ ለተመራማሪ የቀለለ ነው። የሚያስቸግረው የፊተኛው ነው፤ የአልዩ አምባው የሐረር ወኪል ደብዳቤዎች ካሉ ሐረር ውስጥ፣ የአንጎለላው ውል በለንደን፣ የልጥ ማረፊያ ዘገባ በሮም፣ የኤደን ነጋዴዎች ክርክር በፈረንሳይ ቆንስል መዝገብ ተበታትነው ተቀምጠዋል። እስካሁን እያንዳንዱ የተነበበው ለየራሱ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ለዲፕሎማሲ፣ አንዱ ለሳይንስ ጉዞ፣ አንዱም ለአንድ ገጣሚ ሕይወት። ለአንኮበርና ለአልዩ አምባ ነጋዴ ተብሎ፣ ማን ለማን ስንት አበደረ በሚል ጥያቄ አንድ ላይ ቢነበቡ ግን፣ ከአራዳ በፊት የነበረው የግማሽ ምዕተ ዓመት የንግድ ታሪክ በስምና በቀን ሊጻፍ ይችላል።